አየር አልለምንም ያሉት ሴት

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የነገረችኝ ወረታ ሩዝ የምትነግድ ጓደኛዬ ናት። ደውላ ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ ስታወራኝ ቆየችና ልትዘጋው ስትል «ይልቅ ምስኪኗ ጥሩወርቅ አረፉ፤ ሰማሽ?» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን ያንገበገበኝ «ምስኪኗ» ያለችው ነገር ሆነ። መልሼ ደወልኩላትና «ስሚ፣ ስለ ፈለግሽው ሰው የፈለግሽውን በይ፤ ስለ እትዬ ጥሩወርቅ ግን ምስኪን የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ» አልኳት። ጤንነቴን ሳትጠራጠር አልቀረችም።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእርሷና ለመሰሎቿ ነው። ከንፈር መምጠጥ የሚወድ ሰው እዚህ ጋ ቢተወው ይሻላል።

ያኔ ወረታ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ እሠራ ነበር። ከአዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ የመጣሁ ነኝና አገሩን ገና አልለመድኩትም። የመደብሩ ባለቤት ጋሽ ይርጋ ጎማ፣ ባትሪ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ሸራ ይሸጣሉ። በዚያ ሰሞን ደግሞ በእጅ የሚያዙ ኮምፕሬሰሮች አምጥተው ደርድረዋል። መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ሳይፈለግ እዚያው የሚነፋበት ማሽን ነው። ከሹፌር በቀር ዞር ብሎ የሚያየው ይኖራል ብለን አልጠበቅንም።

አንድ የገበያ ቀን ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ጥቁር ጭቃ በለበሰ የላስቲክ ጫማ ገቡ። ሰላምታውን ሳያስረዝሙ «አየር መንፊያ አላችሁ አሉ፤ እስቲ አሳዩኝ» አሉ።

ጋሽ ይርጋ የብስክሌት ፖምፓ አነሡ። «ለልጅዎ ነው?»

«ለቤቴ ነው።»

«ደግሞ ቤት በአየር ይነፋል እንዴ?» አሉና ሣቁ። መደብሩ ውስጥ የነበሩት ሹፌሮችም አብረው ሣቁ። እትዬ ጥሩወርቅ አልሣቁም፤ አልተቆጡምም። ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ጠበቁን።

«የኔ ቤት ጎማ አለው። ሣቃችሁን ስትጨርሱ እነግራችኋለሁ» አሉ።

ሣቁ ሲያበቃ ነገሩን። ባለቤታቸው አያ ዓለሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጎንደር ባሕር ዳር ሰው ያመላለሱ ሹፌር ናቸው። አሮጌ መለስተኛ አውቶቡስ ገዝተው የራሳቸውን ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አውቶቡሱ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከሩዝ ማሳቸው ዳር፣ ወደ አስፋልት የሚወጣው የኮረኮንች መንገድ አጠገብ ቆሞ ቀረ። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የጭቃ ቤታቸውን ሲያፈርስባቸው እትዬ ጥሩወርቅ የአውቶቡሱን ወንበሮች አስነቀሉ፤ የሹፌሩንና ከጎኑ ያለውን ብቻ ተዉ። አልጋና እቃቸውን አስገቡና መኖሪያ አደረጉት።

ያን ዕለት ለመደብሩ ሰው ሁሉ ያልተናገሩትን ደግሞ በኋላ ስንቀራረብ ለእኔ ነገሩኝ። ቤቱ በፈረሰ ጊዜ የአያ ዓለሙ ወንድም አያ ደምሌ ጎረምሶች አሰባስበው መጥተው ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው አወጧቸው። ደግ ሥራ ነው፤ ክፉ ያሰበ የለም። ነገር ግን በየመንገዱ ያሉ ሴቶች ቃሬዛ ሲያዩ ሬሳ መሰላቸውና እሪ አሉ። ደረታቸውን የመቱም ነበሩ። አያ ዓለሙ በሕይወት እያሉ የራሳቸውን ለቅሶ ሰሙ። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው መኪና እያቆሙ ወርደው አለቀሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ መናገር ይችላሉ ብሎ ነበር፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«ምን ብሎ ይናገር?» አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ። «ተለቅሶለት ያለቀ ሰው ምን ያወራል?»

ስለዚህ ቆርጠዋል። ባላቸው በሕይወት እያሉ ዳግመኛ በሰው ትከሻ ከቤታቸው አይወጡም። ውኃው ሲመጣ የሚወጡት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በገዛ መኪናቸው ነው። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ኑ ብላ ለምናቸዋለች። «ባሕር ዳር ተቀምጬ ሩዝ ላርም?» ይላሉ። መሬቱን ቢለቁት ሌላ ሰው እንደሚገባበት ያውቃሉ። ባላቸውም የሰው ቤት ጓዳ ገብተው እንዲተኙ አይፈልጉም።

ወደዚያ የገበያ ቀን ልመለስ። ጋሽ ይርጋ ታሪኩን ሲሰሙ ትንሽ አፈር አሉና «እትዬ፣ ታዲያ ጎሚስታ ወስዶ ማስነፋት አይሻልም? ምን አደከመዎት?» አሉ።

«ጎሚስታው ደረቅ መሬት ላይ እንኳ ተለምኖ ነው የሚመጣ። ውኃ የመጣ ዕለት እሱም እግሬ አውጪኝ ነው የሚል። እኔ አየር አልለምንም።»

ጋሽ ይርጋ ትንሿን ማሽን አነሡ። በመኪናው ሲጋራ መለኮሻ የምትሰካ፣ ከሁለት እጅ የማትበልጥ ናት። በር ላይ የቆመ ሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ ገጠሟትና ባንዴ ነፋች። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። እትዬ ጥሩወርቅ ሞተር ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እኔ እዚህ ላይ አላድርም» አሉ። ከዚያ ማዶ ሩዝ ጭኖ የቆመ የጭነት መኪና አሳዩን። «እሱን ትንፋልኝ።»

ለዚህ የሚሆን ሹፌር ይገኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ግን ቀድሞ ከሣቁት አንዱ የመኪናው ባለቤት ነበርና ነገሩ አጓጓው። ከአንዱ ጎማ ግማሽ አየር አስተነፈሰ። ትንሿ ማሽን ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ የመለኪያው ቀስት ግን ካለበት አልነቃነቅ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ሲጀምር እትዬ ጥሩወርቅ በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገዋት መለሱ። «ይቺ ለኳስ ናት። አስቀምጧት።»

ሁለተኛው ያማረ ነበር። የራሱ ባትሪ አለው፤ ቁጥር የሚያበራ መስኮት አለው። እኔ ራሴ ወድጄዋለሁና «ገመድ እንኳ አይፈልግም» እያልኩ አሞካሸሁት።

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

«ቻርጅ ይደረጋል፤ መብራት ላይ ይሰኩታል።»

«የት ያለ መብራት?» አሉኝ። «ሲርበው ከተማ የሚመጣ ነገር አልፈልግም፣ ልጄ።»

ሦስተኛው አስቀያሚ ነው። ብረት በብረት፣ ከባድ፣ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫውን ባትሪው ላይ የሚያስነክሱት። ሲነሣ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ጎማውን ግን ሳይቸኩል፣ ሳይቋረጥ አነሣው። እትዬ ጥሩወርቅ ቱቦውን አስዘርግተው በክንዳቸው ለኩና «የኋላ ጎማ ጋ አይደርስም» አሉ፤ መቀጠያ አስጨመሩ። ከዚያ የማሽኑን መመሪያ ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ለተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ ማረፍ እንዳለበት ነገርኳቸው።

«ካላረፈ?»

«ይቃጠላል።»

«ካረፈስ?»

«መልሶ ይነሣል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼን ባሕርይ አውቀዋለሁ። ጠቅልይልኝ» አሉ። በዋጋው ጋሽ ይርጋን ላብ አስጠምቀዋቸው፣ የእኔን ስልክ ቁጥር ይዘው፣ ማሽኑን በነጠላቸው አዝለው ወጡ። ልጅ እንደሚታዘል አድርገው ነው ያዘሉት፤ የገበያው ሰው ዞር እያለ ሲያያቸው «አታውቁኝም? ምን ታያላችሁ?» እያሉ ሄዱ።

ግንቦት ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ማሽኑን እንዳዘሉ ተመልሰው መጡ። ባንኮኒው ላይ ጣል አደረጉትና «ሞቷል» አሉ። መደብሩ ውስጥ ካለ ባትሪ ጋር ስናገናኘው ግን ሠራ። ነገሩ ቢገርመኝ ጋሽ ይርጋን አስፈቅጄ አብሬያቸው ሄድኩ። በባጃጅ እስከሚደርስበት፣ ከዚያ በእግር።

አውቶቡሱን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሰማያዊ ቀለሙ ለቋል፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ አለው። ጎማዎቹ ግን መሬት ላይ ተነጥፈዋል። የፎገራ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ሹፌሮቹ ጎማ እንዳይሰምጥ አየር ይቀንሱለታል፤ ጠፍጠፍ ብሎ አፈሩ ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ ጥሩወርቅም ይህን አይተው ለቆመ አውቶቡስ አደረጉት፤ ያውም ሳይሰስቱ። እሱ ባልከፋ፣ ማሽኑ አለ። ግን ውስጥ ስገባ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ስልኮች እንደ ሽንኩርት ተጎንጉነው አየሁ። የመንደሩ ሰው ስልክ ሁሉ ከአውቶቡሱ ባትሪ ላይ ቻርጅ ይደረጋል።

«ይኼ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳቸው።

«በጋውን ሙሉ። ምነው?»

«ባትሪዎን ጨርሰውት ነዋ!»

ስልኮቹን አዩ። መልሰው ማሽኑን አዩ። መጀመሪያ ፊታቸው ደም መሰለ፤ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው በራሳቸው ሣቁ። «አየር አልለምንም ብዬ ስፎክር እሳቴን በትኜ ሰጥቻለሁ!» ቆይተው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ታውቂያለሽ፣ ድሮ ሰው እዚህ የሚመጣ ሊያዝንልን ነበር። አሁን ሊለምነን ሲመጣ ጊዜ ደስ አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ባትሪው ወረታ ሄዶ ሞላ። በማግሥቱ የስልኩ ነገር ተዘጋ። መንደሩ አኮረፈ፤ አያ ደምሌ ሳይቀሩ «ጥሩዬ ድሮም ጉረኛ ናት» ብለው አወሩ። እርሳቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ክረምቱ ይውጣና አምጡ።»

አየሩ ተሞላ፤ ሞተሩ ተነሣ። ታዲያ ማን ይነዳዋል? ለዚህ መልስ ለማየት በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። አያ ዓለሙን ከአልጋ አንሥተው፣ ጺማቸውን ላጭተው፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። እትዬ ጥሩወርቅ መሪውን ጨብጠዋል። አያ ዓለሙ አይናገሩም፤ ደህና በሆነችው ግራ እጃቸው ግን ያዝዛሉ። መዳፋቸውን ወደ ታች ሲያወርዱ ቀስ በይ ነው፤ ጣታቸውን ወደፊት ሲዘረጉ ሂጂ፤ ጡጫ ሲያደርጉ ፍሬን። እትዬ ጥሩወርቅ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ይለቁትና አውቶቡሱ እንደ ፍየል ዘሎ ሞተሩ ይጠፋል። ያን ጊዜ አያ ዓለሙ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ይመቱታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ሲናደድ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። መሬቱ ሳይላቁጥ በፊት በኮረኮንቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ቻሉ። መንደሩ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይሥቅ ነበር። «አትዘኑልኝ፣ አትሣቁብኝ፤ መንገዱን ብቻ ልቀቁልኝ» ይሏቸዋል በመስኮት።

በነሐሴ አንድ ጠዋት መደብሩን ስከፍት ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ቆመ።» ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው፤ ከኋላቸው ግን ሰው ይጯጯሃል፣ ከብት ያገሣል። ርብ ሞልቶ ወጥቷል። አምስቱ ጎማ ደህና ነው፤ የፊት የቀኙ ግን ሲተነፍስ ሰንብቶ ብረቱ ቸርኬው ላይ ቁጭ ብሎ ተገኝቷል። ግማሽ ያህል ከነፋ በኋላ ማሽኑ ቀጥ አለ።

«ይንኩት እስቲ፤ ይሞቃል?»

«ያቃጥላል።»

«አልተበላሸም። ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፤ እስኪበርድ ይተዉት። ውኃው የት ደርሷል?»

«ደጃፌ።» «አትዝጊው» አሉኝና ስልኩን አንድ ቦታ አስቀመጡት። ከዚያ ያለውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት።

አያ ደምሌ ናቸው የመጡት። «ጥሩዬ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ። ቃሬዛው ይኸው፣ ልጆቹ ይኸው። ወንድሜን ስጪኝ።»

«ወንድምህ ሬሳ አይደለም።»

«ውኃ ሊበላው ነው እኮ!»

«ማሽኑ እያረፈ ነው። ሲነሣ እንወጣለን።»

«ማሽን ያርፋል ብለሽ ሰው ልትገይ ነው? አብደሻል አንቺ ሴትዮ?» አያ ደምሌ ያለቅሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር «ይስጧቸው፣ እትዬ» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ደምሌ፣ ስማኝ» አሉ። «የኔን ባል ከኔ በላይ አትወደውም፤ እኔም ካንተ በላይ እንዲሰምጥ አልፈልግም። ውኃው ይኼን የበሩን ደረጃ ከነካ ውሰደው፤ እኔው ራሴ አሸክምሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ቃሬዛውን ወደ ኋላ ዞር አድርግልኝ። ከፊቱ አይሁን። አይየው።»

የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኔ ማሽኑን የሸጥኩበትን ቀን ስረግም ቆየሁ። በመጨረሻ ያ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ተነሣ። «ተነሣ!» ብዬ መደብሩ መሃል ጮህኩ፤ ጋሽ ይርጋ እቃ የወደቀ መስሏቸው ከጓዳ ሮጠው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠፋ። መልሼ ብሞክር አይሠራም።

መደብሩን ለጋሽ ይርጋ ጥዬ የኮረኮንቹ መንገድ አስፋልቱን ወደሚነካበት ቦታ ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር የሩዝ ጆንያ፣ ዶሮ፣ አልጋ፣ ሕፃን ተደባልቆ ተቀምጧል። ከብቱ መንገዱን ዘግቶታል። አንድ ወጣት የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ መኪናውንም ከብቱንም ሊያሳልፍ ይታገላል። ወደ ሜዳው ሳይ ውኃ ብቻ ነው፤ ኮረኮንቹ የት ጋ እንዳለ አይለይም።

ከዚያ ሰማያዊው ነገር ታየ። በጣም ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ውኃው ጎማውን አጋምሶታል። ከፊቱ አያ ደምሌና ጎረምሶቹ ይሄዳሉ። ቃሬዛውን ፈትተውታል። ሁለቱን እንጨቶች በግራና በቀኝ ይዘው፣ ውኃው ውስጥ እየወጉ የመንገዱን ጠርዝ ያሳያሉ። አውቶቡሱ በመካከላቸው ይከተላቸዋል።

አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እሪ ያለ አልነበረም። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸውና ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደ።

«እናት፣ መንጃ ፈቃድ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡት። ገልብጦ አየው። «ይኼ የወንድ ነው።»

«የሱ ነው» አሉ ወደ ጎን በአገጫቸው እያሳዩ። «ሹፌሩ እሱ ነው። እኔ እጅና እግሩ ነኝ።»

ፖሊሱ ያወርዳቸዋል ብዬ ፈራሁ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ እርሳቸውን አየ፤ እስከ ትከሻቸው ጭቃ ናቸው። ከዚያ አያ ዓለሙን አየ። የሹፌርነት ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ አዝራሩ እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ጺማቸው ንጹሕ ነው፤ ግራ እጃቸው ዳሽቦርዱ ላይ ናት። ፖሊሱ በአውቶቡሱ ፊት ዞሮ ወደ እርሳቸው መስኮት መጣ። ተረከዙን ገጠመና ሰላምታ ሰጣቸው።

«ሹፌር፣» አላቸው፣ «ከፊትዎ ከብት አለ። ቀኝዎን ይዘው ቀስ ብለው ይለፉ።» ፈቃዱን በእጃቸው አስያዛቸው።

አያ ዓለሙ ልጁን ቆይተው አዩት። የተጣመመው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጉሮሯቸው ታገለ። እትዬ ጥሩወርቅ መሪውን እንደያዙ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«እ…ሺ» አሉት።

ድምፃቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ወፍራም፣ ሻካራ ነው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩና ጣታቸውን ወደ አስፋልቱ ዘረጉ።

«በይ… ንጂው።»